በልኳ ካልተሰጣት አልተሰጣትም

37 ቁጥር ጫማ ለምታደርግ ሴት 42 ቁጥር ሴፍቲ ሰጥቶ፣ መዝገብ ላይ አስፈርሞ፣ "ለሰራተኞቻችን የደህንነት ቁሳቁስ አሟልተናል" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ማሟላት አይደለም። ፊርማ መሰብሰብ ነው።

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። በተለይ ፋብሪካ የምታስተዳድሩ፣ ሕንጻ የምታሰሩ፣ ግዢ ክፍል የተቀመጣችሁ፣ ሰራተኛ ማህበር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማትስማሙ ካላችሁም ኮሜንት ላይ እንነጋገር፤ ስድብ ግን አልመልስም።

አቃቂ ቃሊቲን ለማያውቅ ሰው፦ ከሳሪስ አቦ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ቃሊቲን አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ፣ ግራና ቀኙ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ጋራዥና ብረታ ብረት ቤት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱን የሚሞላው ሰው ግማሹ ሴት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ብየዳ ላይ ያለችው፣ ማሽን ላይ የቆመችው፣ ሲሚንቶ የምታቦካው፣ ባሬላ የምትሸከመው፣ ኬሚካል የምትቀዳው፣ ወለል የምታጥበው። እኔም ከቴክኒክና ሙያ ወጥቼ በብረታ ብረት ስራ ዓመታት የቆየሁት እዚሁ ሰፈር ነው። ስለዚህ የማወራው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደህንነት ልብስ ሲገዛ "ለሰራተኛ" ተብሎ ይገዛል። በግዢ ወረቀቱ ላይ "ሰራተኛ" ማለት ግን ወንድ ማለት ነው። ቱታው የወንድ ትከሻ ይዞ ይመጣል። ጓንቱ የወንድ እጅ ነው። ጫማው ከ40 ይጀምራል። ከዚያ ስቶር ኪፐሩ፣ ሰውየው ክፉ ሆኖም አይደለም፣ "እህቴ፣ ያለው ይሄ ነው፤ ካልሲ ደርቢበት" ይላል። እንግዲህ የሴት ልጅ የስራ ደህንነት በካልሲ ተሞላ ማለት ነው።

አንዳንዱ "አሁን ይሄም ችግር ሆኖ ይጻፋል?" ይል ይሆናል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ጫማ። ሴፍቲ ጫማ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ለጌጥ አይደለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ የጫማው ጫፍ 200 ጁል ምት መቋቋም አለበት፤ ይህም በግምት 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበት ማለት ነው። ግን ይህ ጥበቃ የሚሰራው ጣቶችሽ ከብረቱ ስር ሲሆኑ ነው። እግርሽ በሰፊ ጫማ ውስጥ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ብረቱ የሚጠብቀው ባዶ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ተረከዙ ይወልቃል፤ ዕቃ ይዘሽ ደረጃ ስትወርጂ ያደናቅፍሻል። ደግሞ የሴት እግር የወንድ እግር ታናሽ ቅጂ አይደለም። ተረከዙ ከፊተኛው የእግር ክፍል አንጻር ጠበብ ይላል። ስለዚህ የወንዱን ጫማ በሁለት ቁጥር መቀነስ ብቻውን አይበቃም።

ቱታ። እጅጌው ስለሚረዝም ትጠቀልይዋለሽ። የጠቀለልሽው ክንድ ደግሞ ለብየዳው ብልጭታና ጨረር የተጋለጠ ክንድ ነው። ሳትጠቀልዪው ከተውሽው፣ ቶርኖ ወይም የሚሽከረከር ማንኛውም ማሽን አጠገብ የሚንጠለጠል ጨርቅ ምን እንደሚያደርግ ማሽን ቤት የሰራ ሁሉ ያውቃል፤ ጨርቁን ከያዘ ክንዱን አይለቅም።

ስለዚሁ ቱታ ማንም የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ቱታ የለበሰች ሴት ሽንት ቤት ለመግባት ከትከሻዋ ጀምራ ማውለቅ አለባት። ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ በሌለው ቦታ፣ ማንጠልጠያ በሌለው ቦታ፣ ወለሉ እርጥብ በሆነ ቦታ። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ውሃ አትጠጣም። ከጠዋት እስከ ማታ ምድጃና ብረት አጠገብ ቆማ፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውሃ የማትጠጣ ሴት አንድ ሁለት አይደለም የማውቀው። ይሄ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ጉዳይ ነው። የወር አበባ ቀን ሲጨመርበትማ እናንተው አስቡት። መፍትሄው ሮኬት ሳይንስ አይደለም፦ ሱሪና ጃኬት፣ ሁለት ክፍል። አለቀ።

ጓንት። ጣቱ የሚተርፍ ጓንት ለብሶ ብሎን ማሰር አይቻልም። ስለዚህ ታወልቂዋለሽ። ከዚያ ትቆረጫለሽ፣ ወይም አሲድ ይነካሻል። ከዚያ "ለምን ጓንት አላደረግሽም?" ትባያለሽ።

ማስክ። ፊት ላይ ካልገጠመ አየሩ የሚገባው በማጣሪያው ሳይሆን በዳር በኩል ነው። የሲሚንቶና የድንጋይ አቧራ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም።

ከፍታ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ፣ ሃርነስ የምንለው። ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ትከሻው የሰፋ፣ የደረቱ ማያያዣ ቦታውን የሳተ፣ የእግሩ ማሰሪያ የላላ ሃርነስ ስትወድቂ አይይዝሽም፤ ወይ ትሾልኪበታለሽ፣ ወይ ማሰሪያው አንገትሽ ላይ ይወጣል። ላይ ላዩን ሲታይ ግን ታጥቃለች። ፎቶ ላይ ቆንጆ ነው። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" የሚባለው ይሄኔ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ነገሩ መራራ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሰሪ ለሰራተኛው የአደጋ መከላከያ መሳሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሰራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል። እሺ፣ ፍትሃዊ ነው። ቀጥላችሁ አንቀጽ 96ን አንብቡ። አሰሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ባለመከተል የደረሰ ጉዳት ሰራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ አሰሪው ተጠያቂ አይሆንም።

ሦስቱን አንቀጾች አንድ ላይ አድርጋችሁ አንዲት የልኳን ያላገኘች ሴት ላይ አልብሷቸው። 42 ቁጥር ጫማ ተሰጥቷታል፤ ፈርማለች። አላስኬድ ሲላት አውልቃ በራሷ ሸራ ጫማ ሰራች። ብረት እግሯ ላይ ወደቀ። ኩባንያው መዝገቡን ያወጣል፦ "ይኸው ሰጥተናታል፤ ይኸው ፊርማዋ፤ አልተጠቀመችም።" ጣቷንም አጣች፣ ካሳዋንም ለማግኘት ስትከራከር ከረመች። ለዚህ ነው ከላይ ፊርማ መሰብሰብ ነው ያልኩት። በልክ ያልሆነ የደህንነት ልብስ አንዳንዴ የሚጠብቀው ሰራተኛዋን ሳይሆን አሰሪውን ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ብዬ እከራከራለሁ፦ "ማቅረብ" ማለት ሊያገለግል የሚችል ነገር ማቅረብ ማለት ነው። ለተራበ ሰው የተቆለፈ መሶብ ሰጥቶ "አቅርቤያለሁ" አይባልም። አንቀጽ 93 "ተጠቀሚ" የሚለኝ ልጠቀምበት የምችለውን ነገር አንቀጽ 92 ከሰጠኝ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ ሰራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የስራ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ሲል "ወንድ የሆኑ ሰራተኞች" አላለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የስራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም አሰሪው በቂ የሆነ የመከላከያ ልብስና መሳሪያ እንዲያቀርብ፣ ወጪውም ሰራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ይላል። "በቂ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ከኪሷ አውጥታ የልኳን ጫማ መርካቶ ሄዳ የምትገዛ ሴት ካለች ሁለቱም ተጥሰዋል፤ የተሰጣት በቂ አልነበረም፣ ወጪውም እሷ ላይ ወድቋል።

"ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው፤ ሲያልፍልን ይስተካከላል" የሚል ደግሞ አይጠፋም። አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 የአሜሪካው ናሳ ሁለት ሴቶች ብቻ ከጠፈር ጣቢያው ውጪ ወጥተው እንዲሰሩ አቅዶ ነበር፤ አን ማክሌይንና ክርስቲና ኮክ። ተሰረዘ። ለምን? ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛ ልክ ነበር፤ ለስራ የተዘጋጀው መካከለኛ ልብስ ግን አንድ ብቻ። ክርስቲና ኮክ ከጄሲካ ሚር ጋር ያንን ታሪክ የሰራችው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያስባል ማለት አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ናሳ "ትልቁን ልበሺና ውጪ" አላላትም። ልኳ ካልሆነ አትወጣም ተባለ። እኛ ጋ ነው "ካልሲ ደርቢበት" የሚባለው።

የአሜሪካ የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ታህሳስ 2024 ባወጣው ደንብ የኮንስትራክሽን ሰራተኛ የሚለብሰው መከላከያ በልኩ መሆን አለበት ብሎ በግልጽ ጻፈ፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ስራ ላይ ነው። እነሱም ገና አሁን ነው የጻፉት። ስለዚህ እኛ መቶ ዓመት ወደ ኋላ የቀረን መስሎን አንገታችንን አንድፋ፤ አንዲት መስመር መጨመር ነው።

ሌላም ልጨምር። ለመዝናናት ባህር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች የሚለብሱት አየር የሚሞላ ሰደርያ አለ፤ ውሃ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። የዚያ ሰደርያ አምራቾች ለሴት ብለው ለብቻው ይሰራሉ፦ ቁመቱ አጠር ያለ፣ የትከሻው ማሰሪያ ደረትን ዞሮ የሚያልፍ፣ ወገቡ የሚስተካከል። ምክንያቱም የሰፋ ከሆነ ጀርባዋ ላይ ያለው ጋን ይንከባለላል፣ ሰደርያው ወደ አገጯ ይወጣል፣ ውሃ ላይ ፊቷን ቀና አድርጋ መቆየት ያቅታታል። ጥሩ አድርገዋል። ግን ንገሩኝ፣ ለእረፍት ቀን መዝናኛ የሴት ገላ የተለየ መሆኑ ከታወቀ፣ በሳምንት ስድስት ቀን እሳትና ብረት መሃል ለምትውለው ሴት የማይታወቀው ለምንድን ነው? ደንበኛ ስለሆነች ነው ያኛዋ የተለካችው። ይቺኛዋ ሰራተኛ ናት።

አሁን የተለመዱትን መልሶች ልመልስ።

"ገበያ ላይ የለም።" የሌለው ስላልተጠየቀ ነው። አስመጪ የሚያመጣው የታዘዘውን ነው። ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ "ሴፍቲ ጫማ፣ 150 ጥንድ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ነጋዴው 36 ቁጥር ለምን ያመጣል? ደግሞ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ ዱከም ላይ፣ ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለውጭ ገበያ የሴት ጫማ ሲያመርት ኖሯል፤ የሰፉትም በብዛት የኛው አገር ሴቶች ናቸው። ለአሜሪካዊቷ 36፣ 37፣ 38 ቁጥር ለይቶ መስራት ከተቻለ ለአቃቂዋ በያጅ አልተቻለም አትበሉኝ። ቱታማ ጭራሽ እዚሁ ልብስ ስፌት ቤት የሚሰፋ ነገር ነው። ሜትር ይዞ መለካት ብቻ ነው።

"ሴቶቹ ጥቂት ናቸው።" ጥቂት ከሆኑ ወጪውም ጥቂት ነው። እንዲያውም ጥቂት መሆናቸው ለመለካት ይቀላል።

"ወንዱስ መች በልኩ አገኘ?" እውነት ነው። አጭሩም፣ ቀጭኑም ወንድ ይቸገራል። ብዙ ሕንጻ ላይ በባህር ዛፍ መወጣጫ ያለ ምንም ቀበቶ የሚወጣው ወንድም ወንድማችን ነው። ታዲያ ይሄ "ለሁሉም በልኩ ይሰጥ" ለማለት ምክንያት ይሆናል እንጂ "ለማንም አይሰጥ" ለማለት ይሆናል እንዴ? ለሴቷ ስትለኩ ለአጭሩ ወንድም ይደርሰዋል።

"ሴቶቹ ራሳቸው መልበስ አይወዱም፤ ለውበታቸው ያስባሉ።" ይሄኛው ያናድደኛል። ሲሚንቶ አቡክታ የምትውል ሴት ስለ ውበት ተጨንቃ ነው ጫማ የምታወልቀው? የሚያደናቅፋትን ነው ያወለቀችው። ልኳን ስጧትና ካወለቀች ያኔ ውቀሷት።

"ከባድ ስራ ለሴት አይሆንም፤ ለምን ገባችበት?" ይሄ ደግሞ የልብስ ክርክር አይደለም፤ ከስራው ውጪ የሚል ነው። የሚገርመው፣ ይህን የሚሉት ሰዎች ባሬላ ስትሸከም አይተው "አይሆንም" ብለው አያውቁም። ርካሽ ስትሆን ይሆናል፣ ጫማ ስትጠይቅ አይሆንም።

እና ምን ይደረግ? ዝም ብዬ ማማረር ስለማልወድ የምለውን ልበል።

አንደኛ፣ ከግዢ በፊት ልኬት ይወሰድ። የእያንዳንዷ የጫማ ቁጥር፣ ቁመት፣ የእጅ ልክ። አንድ ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛ፣ ናሙና ይሞከር። የሚሞክሩት ደግሞ የሚለብሱት ይሁኑ፤ ቢሮ የተቀመጠ ሰው በእጁ ዳሶ "ጥሩ ነው" ያለው ጫማ ለማንም አይሆንም። የደህንነት ኮሚቴ ካለ ከወለሉ የመጣች ሴት ትኑርበት። ቡና የምታቀርብ ሳይሆን ድምጽ ያላት።

ሦስተኛ፣ ሰራተኛ ማህበራት፦ ያየኋቸው የህብረት ስምምነቶች "በዓመት ሁለት ቱታ፣ አንድ ጫማ" ይላሉ። በሚቀጥለው ድርድር "በልኩ" የምትል አንዲት ቃል አስገቡ። ለደመወዝ ጭማሪ እንደምትጮሁት አትጩሁ፤ ግማሹን ጩሁ፤ ይበቃል። ኢሠማኮም ይህችን ቃል ለአባላቱ ቢያዳርስ ያምርበታል።

አራተኛ፣ የስራና ክህሎት ተቆጣጣሪዎች፦ ፋብሪካ ስትገቡ መዝገቡን ብቻ አትዩ። ወለሉ ላይ ውረዱና "እህቴ፣ ጫማሽን አሳዪኝ፤ ስንት ቁጥር ነው? ያንቺስ ስንት ነው?" በሉ። ሁለት ጥያቄ ነው።

እናንተ እህቶቼ ደግሞ፣ ሲሰጣችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹ። ጫማውን የስራ ካልሲ አድርጋችሁ፣ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ሞክሩት፤ ጣት እንደልብ ይንቀሳቀስ፣ ተረከዝ ግን አይነሳ። ሄልሜቱን ሻሽ ወይም ሹሩባ እንዳለ አድርጋችሁ ከኋላው አጥብቁት፤ ጎንበስ ስትሉ ከወደቀ ልካችሁ አይደለም። ጓንቱ ጣት ጫፍ ላይ አይትረፍ። ማስኩን አድርጋችሁ በደንብ ተንፍሱ፤ ዓይናችሁ አካባቢ አየር ከተሰማችሁ አልገጠመም። ሃርነሱን ስትታጠቁ የጀርባው ቀለበት በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ይዋል፤ የእግሩ ማሰሪያ ስር የተዘረጋ መዳፍ ይግባ፣ ጭብጥ ግን አይግባ። ካልሆነ በጽሁፍ መልሱ። "ልኬ አይደለም" ብላችሁ ጻፉ፣ ቀን አስፍሩ፣ ቅጂውን ያዙ። ስትፈርሙም ከፊርማችሁ አጠገብ "42 ቁጥር ተሰጠኝ፣ የኔ ቁጥር 37" ብላችሁ ጻፉበት። ነገ ክርክር ቢመጣ ያቺ መስመር ናት ጠበቃችሁ። ለብቻ ማድረግ የሚያስፈራ ከሆነ፣ እንደሚያስፈራም አውቃለሁ፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ አድርጉት።

በአማርኛችን "ልክ" የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው። ልኳ ያልሆነውን ሰጥቶ ልክ ነኝ ማለት አይቻልም።

ይሄ ጽሁፍ ግዢ ክፍል የሚሰራ ሰው ጋ እንዲደርስ ሼር አድርጉልኝ። እናንተ የምትሰሩበት ቦታ ትንሹ የሴፍቲ ጫማ ስንት ቁጥር ነው? የድርጅቱን ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን ብቻ ከታች ጻፉልኝ።